ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር

አሶሳ የምትኖሩ ከሆነ "ኮማንደር ሰይድ" ሲሉኝ ሰምታችሁ ይሆናል። ፖሊስ ሆኜ አላውቅም፤ ወታደርም አልነበርኩም። ስሙ የወጣልኝ አዲስ አበባ ሄጄ፣ ሕዝብ የሚበዛባቸው የስፖርት ዝግጅቶች እንዴት እንደሚጠበቁ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስጄ፣ የምስክር ወረቀትና አንድ ብርቱካናማ ሰደርያ ይዤ ስመለስ ነው። ሰደርያዋን ለብሶ ለቅሶ ሄዷል እያሉ ያሙኛል። ሐሰት ነው። ገበያ ግን ለብሻት ወጥቻለሁ፣ አልክድም። ይህን የምነግራችሁ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ አስቀድማችሁ እንድታውቁልኝ ነው፤ የኋላውን ስትሰሙ እንዳታዝኑልኝ።

ወላጆቼ ከወሎ በሠፈራ የመጡ ናቸው። እኔ የተወለድኩት እዚሁ፣ ከአሶሳ ብዙ በማይርቅ የሠፋሪ መንደር ነው። አርባ ዓመት በበርታዎች መካከል ኖሬ ከሰላምታ ያለፈ የበርታ ቋንቋ አላውቅም። እነሱ የእኔን አማርኛ ተምረው ስለሚያናግሩኝ ሰነፍኩ። በሃይማኖቴ ሙስሊም ነኝ፤ እናቴ አምስቱንም ወቅት ስትሰግድ አይቼ አድጌአለሁ። እኔ ግን ያኔ መስጊድ የምረግጠው አርብ አርብ ነበር፤ እሱም ሥራ ካልበዛ።

የአፍሪካ ዋንጫ ሲቃረብ ከተማው ውስጥ አንድ ወሬ ብቻ ነበር፤ ሱዳን ትጫወታለች። ለሌላው ከተማ ይህ ተራ ነገር ነው። አሶሳ ግን ከድንበር ማዶ አጎት ወይም እኅት የሌለው ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ደግሞ ከማዶ የነበረው ዘመድ ልጁን አዝሎ ወደዚህ ተሻግሯል፤ ያልተሻገረው የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ያቺ ቡድን ስትጫወት ሰው የሚያየው ኳስ ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ሕዝቡ አንድ ላይ ሆኖ የሚያይበት ትልቅ ስክሪን እንዲተከል ተወሰነ፤ አንድ የዝግጅት ኮሚቴም ተቋቋመ። የጥበቃውን ዕቅድ የማወጣው እኔ ሆንኩ። ሰደርያ ያለኝ እኔ ነኛ!

ክልላችን ክፉ ዓመታት አሳልፏል። ሰው የሚሰበሰብበት ነገር ሁሉ ያስፈራን ነበር። ኮሚቴው ሲሰበሰብ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ መሣሪያ ይዞ የሚገባ ቢኖርስ? ቦምብ የያዘ ቢኖርስ? እኔም ቀን ከሌት የማስበው ስለሚገባው ነገር ነበር። ስለሚወጣው ያሰበ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱንም አልሰማሁትም።

የተመረጠው ቦታ በግምብ የታጠረ ሜዳ ነው። አጥሩ ከሰው ቁመት ይረዝማል፤ አናቱ ላይ እሾሃማ ሽቦ አለው። ሁለት በሮች አሉት። የፊተኛው ወደ ዋናው መንገድ ይወጣል። የኋለኛው የብረት በር አነስ ያለ ሲሆን ልክ መስጊዱ ፊት ለፊት ነው። ስክሪኑን የተከልነው በኋለኛው በር በኩል ነው፤ የሚመለከተው ሕዝብ ጀርባውን ለፊተኛው በር ይሰጣል ማለት ነው።

ከዚያ በፊት በነበረ አንድ ጨዋታ የኋላ በር ጠባቂው ዘመዶቹን ሳያስፈትሽ አስገብቶብኝ ነበር። ጠባቂውን ብቀይረው አዲሱም ዘመድ አለው። አሶሳ ውስጥ ዘመድ የሌለው ጠባቂ ከየት ይመጣል? ስለዚህ በራሴ ጭንቅላት አንድ መላ ፈጠርኩ። የኋላውን በር በሰንሰለት አሠርኩት፤ ጓጉንቸሩንም ከውጭ በኩል አደረግሁት፤ ውስጥ ያለ ሰው ለወዳጁ መክፈት እንዳይችል። መክፈቻውን ከቢሮዬ፣ ከቤቴና ከሞተር ሳይክሌ ቁልፍ ጋር አንድ ላይ አድርጌ ኪሴ ከተትኩት። የኋላውን ጠባቂም ወደ ፊተኛው በር አዛወርኩት፤ የተቆለፈ በር ምን ጠባቂ ያስፈልገዋል? በዚህ ብልሃቴ ኮሚቴው አጨበጨበልኝ። እውነቴን ነው፤ በእጃቸው አጨበጨቡ።

ያላጨበጨበችው አሻ ብቻ ነበረች። አሻ ኢድሪስ የበርታ ልጅ ናት፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ለዝግጅቱ በበጎ ፈቃድ ያገለገሉትን ሴት ፈታሾች የምትመራው እሷ ነበረች። ከስብሰባው ስንወጣ ዕቅዱን የሳልኩበትን ወረቀት ተቀበለችኝና ቆማ ታየው ጀመር።

"ጋሽ ሰይድ፣ ጨዋታው ስንት ሰዓት ነው?"

"አሥራ አንድ ተኩል።"

"ዕረፍቱ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መግሪብ ላይ ነዋ የሚወድቀው።"

"ይውደቅ።"

"ሰው ለሶላት ይወጣል። የሚወጣውም በዚህ ነው፤ መስጊዱ እዚህ ነው" አለችኝ፣ ጣቷን የኋለኛው በር ላይ አድርጋ። "አባቴ ራሱ ይወጣል።"

"ሱዳን እየተጫወተች?"

"ወላሂ ይወጣል።"

አባቷን አውቃቸዋለሁ። ሼህ ኢድሪስ በወጣትነታቸው በኩርሙክ በኩል እስከ ሱዳኑ ደማዚን እየተሻገሩ ይነግዱ ነበር። ወንድማቸው እዚያው አግብቶ ቀረ፤ ከጦርነቱ ወዲህ ድምፁ የለም። ሽማግሌው መስጊድ ውስጥ ከፊተኛው ረድፍ ጠፍተው አያውቁም ይባላል።

"አንቺ ልጅ" አልኳት እየሳቅሁ፣ "ኳስ ጥሎ የሚነሳ ሰው አይቼ አላውቅም። ያለፈውን ሶላት ኋላ ቤቱ ገብቶ ይሰግደዋል። እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው። አብሽሪ!"

አብሽሪ ማለት አይዞሽ፣ አታስቢ ማለት ነው። እኛ ወሎዬዎች ለታመመም ለከሰረም የምንላት ቃል ናት። አሻ ወረቀቱን መለሰችልኝና ሄደች።

በቀኑ ሕዝቡ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ይጎርፍ ገባ። ከባምባሲ የመጣ አለ፤ ከሸርቆሌ በሚኒባስ የመጣ አለ። ከገጠር ቀበሌዎች በእግሩ የመጣውን ቀይ አፈር የጠጣ ጫማው ይናገራል። ፍተሻው እንደ ሰዓት ሠራ። በውሰት የመጡ ሁለት የእጅ ሬዲዮዎች ነበሩን፤ አንዱ ፊተኛው በር አሻ ጋ፣ አንዱ እኔ ጋ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሜዳው ሞላ። በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ቀሪውን ውጭ አቁሙ አልኩ። ውጭ የቀረው ሰው አልሄደም፤ ድምፁን እየሰማ በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ።

እኔ ስክሪኑ ሥር፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ ሰደርያዬን ለብሼ ቆምኩ። ሼህ ኢድሪስ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ከፊት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ለክብር እንግዶች ካመጣናቸው የፕላስቲክ ወንበሮች አንዱን ልሰጣቸው ብል እምቢ አሉኝ።

"መሬት ጥሩ ነው" አሉኝ። "አንተ ቆመሃል፣ እኔ ወንበር? አይሆንም።"

ጨዋታው ተጀመረ። ስለ ጨዋታው ብዙ የምነግራችሁ የለኝም፤ ጀርባዬን ሰጥቼው ሕዝቡን ነበር የማየው። እንዴት ደስ ይል እንደነበር ግን ልንገራችሁ። ከክፉ ዓመታት በኋላ በርታው፣ ሠፋሪው፣ ኦሮሞው፣ ከማዶ የመጣው ሱዳናዊ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ በአንድ ነገር ሲጮህ አየሁ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ይህንን ነው።

ለዕረፍት ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ሱዳን አገባች። ሜዳው በጩኸት ተናጋ። ውጭ የቆመው ሰው ምን እንደሆነ ማየት አለበት፤ ወደ በሩ ገፋ። ጩኸቱ ሳይበርድ ዳኛው የዕረፍቱን ፊሽካ ነፋ፤ ፊሽካውን ተከትሎ ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን ተሰማ።

ከዚያ ያየሁትን አልረሳውም። ሰው ተነሳ። አንድና ሁለት ሰው አይደለም፤ ከየረድፉ፣ ሽማግሌውም ጎልማሳውም፣ አቧራውን እያራገፈ ተነሳ። ከስክሪኑ አጠገብ የነበሩት አሻ እንዳለችው ቀጥ ብለው ወደ ኋለኛው በር መጡ። ከሁሉም የቀደሙት ሼህ ኢድሪስ ነበሩ። በሩን በመዳፋቸው ገፋ ገፋ አደረጉትና ወደ እኔ ዞሩ።

"ሰይድ፣ ክፈት። አዛን ሆነ።"

"የተቆለፈው ከውጭ ነው ሼህ።"

"ቁልፍ ማን ጋር ነው?"

እኔ ጋ ነው አላልኩም። ለምን እንዳላልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማፈር አልፈለግሁ ይሆናል።

"በፊተኛው በር ይውጡ" አልኳቸው። "ዞረው ቢሄዱ ሁለት ደቂቃ ነው።"

"ጠይብ" አሉ። እሺ ማለታቸው ነው። ጀለቢያቸውን በአንድ እጃቸው ሰብሰብ አድርገው በሕዝቡ መሐል ወደ ፊተኛው በር ሄዱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። እኔ ነኝ የላክኋቸው።

ብዙም ሳይቆይ ሬዲዮው ጮኸ።

"ጋሽ ሰይድ፣ የሚወጣ መጣ። የሚገባውም እየገፋ ነው። የኋላውን ክፈተው።"

"ተራ አስይዣቸው። መጀመሪያ የሚወጣው ይውጣ።"

"ማንም ተራ አይሰማም! ክፈተው!"

"አብሽሪ" አልኳት።

ከዚያ ድምፅዋ ሲመለስ የማውቀው ድምፅ አልነበረም።

"ጋሼ፣ በአላህ! ሰው ወድቋል! መተንፈስ…"

ተቋረጠ። ደጋግሜ ጠራኋት፤ መልስ የለም። ወንበር ላይ ወጥቼ ወደ ፊተኛው በር ተመለከትኩ። በሩ አይታይም። የሚታየው ራስ ብቻ ነው፤ ቆብና ሻሽ፣ እንደ ማሽላ ማሳ አንድ ላይ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ከውጭ ይገፋል፣ ከውስጥ ይገፋል። እጁን ወደ ላይ ያነሳ ሰው አየሁ፤ እጁን መልሶ ማውረድ አቃተው።

የድምፅ ማጉያውን ማይክ ነጠቅሁና "ወገኖቼ፣ ባላችሁበት ቁሙ! በሩ ላይ ያላችሁ አትግፉ!" ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ የባሰ ጥፋት አልነበረም። በሩ ላይ ያሉት በጩኸቱ አልሰሙኝም። የሰሙኝ ተቀምጠው የነበሩት ናቸው፤ በሩ ላይ አንድ ነገር እንዳለ ያወቁት ከእኔ ነው። ብድግ ብለው ዞሩ። ልጁ እዚያ ያለችበት፣ ወንድሙ እዚያ ያለበት ሁሉ ወደዚያው ሮጠ።

ያኔ ነው ኪሴ ውስጥ ላለው ቁልፍ እጄን የሰደድኩት።

ወደ ኋለኛው በር ሮጥኩ። ቁልፉን አወጣሁ። ብረቱ ፊቴ ላይ ድፍን ነው። ሰንሰለቱ የታሰረው ከማዶ፣ ራሴ ያደረግሁት ቦታ ነው። መክፈቻውን ጨብጬ በሩን በጡጫ ደበደብኩት። "ማን አለ? ክፈቱ!" ማንም የለም። ጠባቂውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሰውም ወይ በፊተኛው በር በኩል ነው፣ ወይ መስጊድ ገብቶ ሶላት ላይ ነው። አጥሩን ልወጣ ሞከርኩ። ያኔ ሆዴ ከእኔ ይቀድም ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተንጠላጥዬ ሁለቴም ወደቅሁ። ሦስተኛው ላይ ሽቦው መዳፌን ቀደደው። ከኋላዬ ማስታወቂያው አልቆ ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ፤ ተንታኙ በደስታ ስለ ተጫዋቾች ቅያሪ ያወራል። ሰው እየታፈነ ኳሱ ይቀጥላል። "አጥፉት!" ብዬ ጮኽኩ፤ የሚያጠፋው ልጅም ወደ በሩ ሮጧል።

የብረት በሩ ከመሬት አንድ ስንዝር የማይሞላ ክፍተት ነበረው። በሆዴ ተኛሁ። ቁልፎቹን የያዘውን እጄን በክፍተቱ ወደ ውጭ ዘረጋሁና ማንቃጨል ጀመርኩ። "ሰው! ሰው የለም? ሙፍታሕ!" ቁልፍ በዐረብኛ ሙፍታሕ እንደሚባል አውቃለሁ። ከእናቴ ቋንቋና ከዚያች ቃል በቀር የምጮህበት ነገር አልነበረኝም። አርባ ዓመት የኖርኩበት አገር ሰው በቋንቋው ድረስልኝ ማለት አለመቻል ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ እዚያ አፈር ላይ ተኝቼ ነው።

ስንት ደቂቃ እንደተኛሁ አላውቅም። ከዚያ የሴት እግር አየሁ፤ የላስቲክ ጫማ ያደረገ። በኋላ እንዳወቅሁት ሐዋ ትባላለች፤ ከመስጊዱ አጠገብ ማንጎው ሥር ኦቾሎኒ ትሸጣለች። እግሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። እጄን ፈርታዋለች።

"አንቺ ማነው?" አለችኝ በሰባራ አማርኛ። "ለምን መሬት ተኝቷል?"

"እናቴ፣ ቁልፉን ያዢ! በሩን ክፈቺ! ሰው እየሞተ ነው!"

"ሰው ሞተ?"

"ቁልፉን! ሙፍታሕ!"

ቀስ ብላ ተጎንብሳ ቁልፎቹን ከደማው እጄ ላይ ወሰደች። ሰንሰለቱ ተንቃጨለ።

"ብዙ ነው ቁልፉ። የቱ ነው?"

"ቢጫው!"

"ቢጫ ሁለት ነው።"

አንደኛው የቤቴ ነው። የቤቴን ቁልፍ ከሌላው የሚለየውን ምልክት ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ጭንቅላቴ ባዶ ነው። "ሁለቱንም ሞክሪ!" አልኳት። የመጀመሪያው አልገባም። ሁለተኛው ገባ፤ አልዞር አላት። "እምቢ አለ" አለችኝ። "ወደ ግራ! ወደ ግራ አዙሪው!" ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሰንሰለቱ መሬት ወደቀ።

በሩ ሲከፈት የቅርቡ ሰው በዚያ ፈሰሰ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም ዞረ። እንደ ቋጠሮ ነው፤ አንዱ ጫፍ ሲላላ ሌላውም ላላ። እኔ ግን በተቃራኒው ሰው እየገፋሁ ወደ ፊተኛው በር ሮጥኩ። አሻን ያገኘኋት በሩ ምሰሶ ሥር፣ ሻሿ ከራሷ ወልቆ፣ ሁለት ሴቶችን በክንዶቿ ደግፋ ነው። በሕይወት ስላየኋት ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። እሷ ግን እኔን አላየችም። ከትከሻዬ በላይ ትፈልጋለች።

"አባቴን አየኸው? ከፊት ነበር የተቀመጠው። አልወጣም አይደል?"

የት እንዳሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከበሩ ጥግ፣ የፍተሻው ጠረጴዛ የተገለበጠበት ሥር አገኘናቸው። ነጩ ጀለቢያ ቀይ ሆኖ ሳየው ደም መሰለኝ። አፈር ነበር። ቀዩ አፈራችን ነው። ዓይናቸው ተከፍቷል፤ አንድ እግራቸው ግን ትክክል አልተቀመጠም። አሻ "አባ! አባ!" እያለች በበርታ ቋንቋ የማይገባኝን ብዙ ነገር ተናገረቻቸው። እሳቸው ቀስ ብለው ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩና በአማርኛ፣ እኔ እንድሰማ፣ "መግሪብ አለፈኝ" አሉ።

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ጭንቅላታቸው አሻ ጭን ላይ፣ እግራቸው እኔ ጭን ላይ። መንገዱ በዘለለ ቁጥር ጥርሳቸውን ይነክሳሉ፤ እኔ የተሰበረውን እግር ይዤ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ያን ሁሉ መንገድ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ያለፋቸውን ሶላት እየሰገዱ ነው፤ በከንፈራቸውና በዓይናቸው ብቻ።

የዳሌያቸው አጥንት ተሰብሯል ተባለ። ቀዶ ሕክምናው ሌላ ቦታ ተልከው የሚሠራ ነው፤ መንገዱ ሩቅ፣ ዕድሜያቸው የገፋ። ሐኪሙ ይህን ሲያስረዳን ሼህ ኢድሪስ አልጋው ላይ ሆነው ያዳምጡ ነበር። ሐኪሙ ሲወጣ ወደ እኔ ዞረው፣ "ሰይድ፣ ማን አሸነፈ?" አሉኝ። አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን ሆስፒታል ውስጥ ማንም አያውቅም።

ሰው አልሞተም። አልሐምዱሊላህ። ጥቂት ሰዎች ቆሰሉ፣ ብዙዎች ደነገጡ። በማግሥቱ ኮሚቴው ተሰበሰበና ሰብሳቢያችን ሪፖርቱን አዘጋጅ አለኝ። "ዝግጅቱ ከጥቃቅን ጉዳት በቀር በሰላም ተጠናቋል፤ ችግሩ የተፈጠረው በተመልካቹ የሥነ ሥርዓት ጉድለት ነው" የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እጄ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር፤ በግራ እጄ ፈረምኩ።

ሳምንት አልቆየሁም። ሰብሳቢው ዘንድ ሄጄ ሪፖርቱን ላስተካክል አልኩት።

"ምኑን ነው የምታስተካክለው?"

"በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ሕዝቡ አላጠፋም።"

ሰብሳቢያችን ክፉ ሰው አይደለም። "ሰይድ፣ ሪፖርቱ ሄዷል" አለኝ። "የሄደ ሪፖርት መመለስ የሚችል ሰው እኔ አላውቅም። አንተ ታውቃለህ?"

አላውቅም ነበር። ስለዚህ ለሚመለከታቸው ልናገር ብዬ አሻ ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ የተማሪ ደብተር እያረመች ነበር። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እንደነበር፣ አባቷንም ወደ ፊተኛው በር የላክኋቸው እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። እስክጨርስ ቀና አላለችም።

"ቁልፉ አንተ ጋ እንደነበር ሐዋ ነግራኛለች" አለችኝ። "እኔን የሚያቃጥለኝ ቁልፉ አይደለም፣ ጋሽ ሰይድ። ሬዲዮ ላይ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?"

አስታውሳለሁ። ያቺን ቃል ከዚያ ወዲህ ለማንም ብዬ አላውቅም። እናቴ ታማ እንኳ "አብሽሪ" ማለት አቃተኝ፤ እጇን ብቻ ያዝኩ።

ሼህ ኢድሪስ ግን "ማሌሽ" አሉኝ፤ በሱዳኖቹ አነጋገር ግድ የለም ማለት ነው። ይቅርታ ካደረጉልኝ በኋላ የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር። አልቀለለኝም። ለሕክምና መላኩን እምቢ ብለው ወጌሻ ጠገናቸው፤ አጥንቱ እንደነገሩ ገጠመ። በዱላ ይራመዳሉ። ግንባራቸውን መሬት ማስነካት ግን አይችሉም።

አንባቢዎቼ፣ ታላላቅ ውድድሮች ይመጣሉ። በየከተማው ስክሪን ይተከላል፤ እናንተም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ሂዱ፤ አብሮ መደሰትን የመሰለ ነገር የለም። ነገር ግን ገብታችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት ዞር በሉና መውጫውን እዩ፤ የተቆለፈ በር ካያችሁ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ። የምታሳፍሩት አንድ ባለ ሰደርያ ብቻ ነው። እኔን ያሠለጠኑኝ ሰዎች ክፉ አላስተማሩኝም። ሕዝቡን በራሴ ልክ ለክቼው ነው እንጂ፤ እኔ ለኳስ ብዬ ሶላት ስለማሳልፍ ሁሉም የሚያሳልፍ መስሎኝ ነው። አሁን ኮሚቴው የኋላውን በር በሰፊው አስፍቶታል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ለሚቀጥለው ዝግጅትም ዕቅድ አውጣ ተብያለሁ። ሰደርያዋን አውልቄ ለኮሚቴው ሰጠሁ፤ ዕቅዱን ግን እምቢ አላልኩም፤ እኔ ብተወው ሌላው ደግሞ ስለሚገባው ብቻ ያስባል ብዬ ፈራሁ።

አሁን በየቀኑ መግሪብ ላይ ሼህ ኢድሪስን በሞተር ሳይክሌ መስጊድ አደርሳቸዋለሁ። ያን ቀን እምቢ ያሉኝን የፕላስቲክ ወንበር ይዤ ፊተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ፤ እኔ ከኋላቸው እቆማለሁ። ሁሉም ግንባሩን መሬት ሊያስነካ ሱጁድ ሲወርድ እሳቸው ብቻ ቁጭ እንዳሉ ይቀራሉ።

ሶላቱ ሲያልቅ ሰው ወደ በሩ ይሄዳል፤ ጫማ ይፈልጋል፣ ይጨባበጣል፣ በሩ ላይ ትንሽ ይጠብባል። ድሮ ወደ መስጊድ ለመድረስ ከሁሉ የሚቀድሙት ሰውዬ አሁን ከወንበራቸው አይነሱም። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ዱላቸውን ጨብጠው ይቀመጣሉ።

"ወጡ?" ይሉኛል።

ዞር ብዬ አያለሁ። በሩ ባዶ ነው፤ ከእኔና ከእሳቸው በቀር መስጊዱ ውስጥ ሰው የለም።

"ወጥተዋል ሼህ። ማንም የለም።"

"ትንሽ እንቆይ" ይሉኛል።

እንቆያለን።